የቁራኛው ቋጠሮ

መቶ አለቃ ክንፈሚካኤል የጫማውን ክር እንኳ በወጉ ሳያስር ነበር የተጠራው። ከወንዙ በታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ሰው «ድረሱ! እንዳለው ወድቋል! ድረሱ!» እያለ ይጮኻል። ድምፁን አወቀው፤ ከሰልጣኞቹ አንዱ የሆነው የአለኸኝ ነው። ወደቀ የተባለው እንዳለውም ሰልጣኝ ነው። ጋቢውን ከፖሊስ ልብሱ በላይ ደረብ አድርጎ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ወረደ።

ጊዜው የካቲት 1970 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ዳኝነትን ለገበሬው ሰጠሁ ብሎ አውጆ፣ በየገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ቆሟል። ማወጅ ቀላል ነው፤ ዳኛ መሆን ግን ይከብዳል። ስለዚህ ከቡሬና ከወምበርማ ዙሪያ የተመረጡ ዳኞች ከቡሬ ከተማ ዳር፣ ከአንድ ባላባት በተወረሰ ቤት ተሰብስበው ይሰለጥናሉ። ምስክር እንዴት እንደሚሰማ፣ ተጠርጣሪ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምራቸው ከፍኖተ ሰላም የመጣው ክንፈሚካኤል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሲያነጋግር የኖረ መርማሪ ነው። ሰልጣኞቹ ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ወዲህ ማዶ ያድራሉ። መሻገሪያው ከፏፏቴው አናት ላይ ያለ፣ ርጭት የማይለየው አለት ነው።

ዕለቱ እሑድ ስለሆነ አብዛኞቹ ሰልጣኞች ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀሩትን ጥቂቶች ከአለቱ ሥር ተሰብስበው አገኛቸው። እንዳለው በጀርባው ተንጋሏል። ከውኃው ጎትቶ ያወጣው አለኸኝ ጋቢው በደም ተነክሮ አጠገቡ ተንበርክኳል። ቻይነሽ፣ ከሴቶቹ ማኅበር የተመረጠችው ዳኛ፣ የወደቀውን ሰው እግር በሁለት እጇ ታሻለች። ለሸንጎ ጸሐፊነት የሚሰለጥኑት መሪጌታ ገብረ ሕይወት «ጸበል አምጡ! ይተነፍሳል፣ አይቼዋለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ። አያ ሙጬ ብቻ ፈንጠር ብለው፣ ኩታቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አውጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከእንዳለው ጋር ከሽንዲ አብረው የመጡ፣ በአንድ ሸንጎ የሚፈርዱ ሽማግሌ ናቸው።

ክንፈሚካኤል ጎንበስ ብሎ የሰውየውን አንገት ዳሰሰ። ቀዝቅዟል።

«ጸበሉን ተዉት» አለ።

ቻይነሽ ያን ጊዜ ነው ኡኡታዋን የለቀቀችው። መሪጌታም ሸማቸውን አዘቅዝቀው ፊታቸውን ሸፈኑ።

መቶ አለቃው አስከሬኑን ቁልቁል አየ። ትናንት አመሻሽ ላይ እንዳለው ደጁ መጥቶ ነበር። ክንፈሚካኤል ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

«መቶ አለቃ፣ ሙግት አለብኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከባልንጀራዬ። ከራሴም ጋር።»

ምን ብሎ እንደመለሰለት አሁን ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው። ቀልድ እንደነበረ ብቻ ያውቃል። ሰው ጭንቀቱን ይዞ መጥቶ፣ በቀልድ ሸኝቶታል። አፈረ።

ጓድ አገሬ በካኪ ልብሷ፣ ሽጉጧን ታጥቃ ከላይ ወረደች። የስልጠናው የፖለቲካ ኃላፊ ናት። በዕድሜ ልጁ ትሆናለች፣ በሥልጣን ግን እናቱ ናትና አንቱ ይላታል። በደም የተነከረውን የአለኸኝን ጋቢ አየች፣ ወገቡ ላይ የተሻጠውን ቢላ አየች፣ ጠየቀችው። አለኸኝ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ገደልሁት፣ እኔ ነኝ የገደልሁት» አለ። ወዲያው እጁን የፊጥኝ አሳሰረችው።

«ነገሩ አልቋል፣ ጓድ መቶ አለቃ። ቀትር ላይ መኪና ይመጣል፤ ለፍኖተ ሰላም ደኅንነት አስረክበዋለሁ።»

በዚያ ዓመት በዚያ መኪና የሄደ ሰው ከነስሙ ነበር የሚጠፋው። አለኸኝ ሦስት ልጆች አሉት።

«እስከ ቀትር ይስጡኝ» አለ ክንፈሚካኤል።

«ሰውየው አምኗል እኮ!»

«አምኗል። ምን እንዳመነ ግን እርስዎም አልጠየቁትም፣ እኔም አላውቅም።»

ጓድ አገሬ ሰዓቷን አየችና ትከሻዋን ነቀነቀች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስህተቷን የሚከፍለው ሌላ ሰው የሆነበት ሥራ ላይ ተቀምጣ እንጂ።

አለኸኝን በጎተራው ምሰሶ ላይ ታስሮ አገኘው።

«ገደልሁት ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«በምን?»

«በአፌ ነዋ፣ ጌታዬ! ትናንት በልምምዱ ፍርድ ቤት እሱ ዳኛ፣ እኔ ሌባ ሆነን የለ? እናቴ በአገውኛ ነው ያሳደገችኝ። ስደነግጥ አማርኛው ይምታታብኛል። ሳቀብኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም “ፍርድህንም አንተንም ውኃ ይውሰዳችሁ” አልሁ። ይኸው ወሰደው። ምላሴ በላው።»

«ቢላህን መዘህ ነበር?»

«ኧረ በማርያም! ዘብ ተረኛ ነኝ፣ ጎህ ሲቀድ ልታጠብ ወረድሁ፤ ከውኃው ዳር አየሁት።»

ክንፈሚካኤል የአለኸኝን ጋቢ አራቱንም ጫፍ በእጁ አገላበጠ። የደፈረሰ ውኃና ደም እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ጫፎቹ ደህና ናቸው። ለምን ጫፎቹን እንዳየ ያን ጊዜ እሱም በወጉ አላወቀም። ከአስከሬኑ ጋቢ ጫፍ ላይ ግን አንድ ጠንካራ ቋጠሮ አይቶ ነበርና ነገሩ አልለቀቀውም።

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመው ጠበቁት። ትናንት ስለ አሮጌው ፍርድ ሲያስተምር የሳቸውን ሸማ ከቻይነሽ ነጠላ ጋር ቋጥሮ ለማሳያ ስላዞራቸው፣ ቅያሜው ገና ከፊታቸው አልወረደም። ቁራኛ ማለት ይህ ነው ብሎ ነበር ያሳያቸው፦ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይሸሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛው ብቻ ነው። ሰልጣኞቹ እንባቸው እስኪፈስ ነበር የሳቁት። ከሳቁት መካከል እንዳለው አልነበረም።

«መሪጌታ፣ ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«ለኪዳን ቀድሜ ተሻግሬ ነበር።»

«ምን ሰሙ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰምቻለሁ» አሉ። «“በሕግ አምላክ!” ሲል ሰማሁ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከወንዙ በኩል።»

«ታዲያ አልወረዱም?»

«ልምምድ መሰለኝ! ሳምንቱን ሙሉ “በሕግ አምላክ፣ ቁም” ስትሉ ስትለማመዱ አልነበረም? በሕግ አምላክ ሲባል ሰምቶ ያልቆመ ሰው ድሮ ከወንጀለኛው እኩል ይቆጠር እንደነበር አንተም ታውቀዋለህ። እኔ ሰምቼ ዝም አልሁ።»

«እንዳለውስ ከዚያ በፊት የነገረዎት ነገር የለም?»

«ሐሙስ ዕለት ጠየቀኝ። “መሪጌታ፣ ያላጠፋ ሰው ላይ የተቋጠረ ፍርድ ይፈታል ወይ?” አለኝ። እኔም እንደ ቅኔ ዘራፊ ተኮፍሼ “ቋጠሮ የሚፈታው የቋጠረው እጅ ነው” አልሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም፣ አላስረዳሁም። ሰም ሰጥቼው ወርቁን ለራሴ አስቀረሁ።»

ቻይነሽ አስከሬኑ ከተጋደመበት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ ሳታየው ጀመረች።

«አይቻለሁ፣ መቶ አለቃ። አይቼ ዝም ብያለሁ።»

«ማንን አየሽ?»

«ሁለት ሰው። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ወደ አለቱ ይወርዳሉ። ከጀርባ ነው ያየኋቸው፣ ራሳቸውን ተከናንበዋል። አንዱ እንዳለው እንደሆነ አሁን አወቅሁ። ሌላውን አልለየሁትም። እኔማ ልምምድ መሰለኝ፤ ሳቅሁባቸው!» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ክንፈሚካኤል እንዳልሰማ ሰው ወደ ክፍሉ ገባ። የአስከሬኑን ጋቢ ጫፍ አነሣ። ቋጠሮው ውኃ ጠጥቶ፣ ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ጓድ አገሬ «የቤተ ክርስቲያን አፈር፣ እምነት ቋጥሮበት ይሆናል፣ ገበሬ እኮ ነው» ብላ አልፋው ነበር።

«ቻይነሽ፣ ወስፌ አለሽ?»

ስፌቷን የማትለይ ሴት ናት፤ አመጣች። ቋጠሮውን እየወጋች፣ እየፈለቀቀች ፈታችው። ከውስጡ እምነትም ክታብም አልወጣም። የወጣው ሌላ ጨርቅ ነው፦ ከእንዳለው ወፍራም ጋቢ ጋር አብሮ የተቋጠረ፣ ስስ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው የኩታ ጫፍ። ዳሩ አልተቀደደም። በስለት ተቆርጧል።

ክንፈሚካኤል ያን ቁራጭ በመዳፉ ይዞ አገላበጠው። ትናንት ማታ የተናገረው ቃል ያን ጊዜ ተመለሰለት። ከነሳቁ፣ ከነእግር ውኃው ተመለሰለት። አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ያምዎታል?» አለች ቻይነሽ።

«ሁሉንም ሰብስቢልኝ» አላት።

መማሪያው ቤት ውስጥ፣ ሰልጣኞቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። አለኸኝ እንደታሰረ ከምሰሶው ተፈትቶ መጣ። ጓድ አገሬ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ መኪናው ከወንዙ ማዶ፣ ከአውራ ጎዳናው ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል።

«ያስተማርኳችሁ አንድ ነገር አለ» ሲል ጀመረ ክንፈሚካኤል። «ሰው ያመነውን ሳይሆን ያየውን ጠይቁ ብዬ ነበር። አለኸኝ መግደሉን አምኗል፣ ያመነው ግን እርግማኑን ነው። በእርግማን የገደለ ሰው ቢላ አያስፈልገውም። ጋቢው ደግሞ ጥለት የለውም፤ ጫፎቹም ሙሉ ናቸው።»

የኩታውን ቁራጭ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ይህ ከእንዳለው ቋጠሮ ውስጥ ወጣ። ሁለት ልብስ በአንድ ቋጠሮ። ቻይነሽ ትከሻ ለትከሻ ሲወርዱ ያየቻቸው ሰዎች ለጨዋታ አልተጠጋጉም፤ ተቆራኝተው ነበር።»



«ተቆራኝተው የሚሄዱ ደግሞ ባለጋሮች ናቸው። እንዳለው ከማን ጋር ይሟገታል? ከአለኸኝ ጋር የተጣሉት ትናንት ነው፤ እሱ ግን መሪጌታን ስለ ተቋጠረ ፍርድ የጠየቀው ሐሙስ ነው። ስለዚህ ሙግቱ አሮጌ ነው፣ የፍርድ ሙግት ነው። “የቋጠረው እጅ ይፍታው” ተባለ። ቋጣሪው አንድ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብቻውን ይመጣ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር አብሮ የፈረደው ፍርድ ነው።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቀጥሎ፣ መሪጌታ “በሕግ አምላክ” ሲል ሁለት ጊዜ ሰሙ። በድንገት የተገፋ ሰው “ዋይ” ይላል እንጂ ሕግ አይጠራም። ሁለት ጊዜ ለመጥራት ጊዜ ነበረው። አዳልጦት አለቱ ዳር ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። የጠራውም ወንበዴን አይደለም፤ ከሱ ጋር የተቆራኘውን ባለጋራ ነው። ባለጋራው ከላይ ቆሟል፣ ጊዜም ነበረው። ጨርቁ ግን አልተቀደደም፤ ተቆረጠ።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለች ጓድ አገሬ።

ክንፈሚካኤል ወደ አግዳሚው ጫፍ ዞረ።

«ዛሬ ማለዳ አለኸኝ “ወድቋል” ብሎ ነው የጮኸው፤ “ሞቷል” አላለም። እኔ ስደርስ መሪጌታ ጸበል ይጠራሉ፣ ቻይነሽ እግሩን ታሻለች። ሞቱን ማንም አላወቀም፣ ተስፋ ነበር። ሸማውን ለሐዘን ያዘቀዘቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያኔ አይቼ አላየሁም። ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ፣ የጎደለው ጫፍ እጥፋት ውስጥ ይደበቃል።»

ድምፁ ዝቅ አለ፤ ክብር ግን አልጎደለበትም።

«አያ ሙጬ፣ ኩታዎን ያቅኑ።»

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ኩታቸውን ከአንገታቸው አወረዱ፣ ዘርግተው ያዙት። ከአረንጓዴው ጥለት አንድ ጫፍ ጎድሏል። ቻይነሽ ድምፅ ሳታወጣ ማልቀስ ጀመረች።

«የማኅበሩ በሬ ጠፋብን» አሉ አያ ሙጬ፣ ማንንም ሳያዩ። «ተስፋው የሚባል ጎረቤታችን ነው ተባለ። ምስክሮቹን በወጉ አልሰማንም፤ አጨዳ ደርሶ፣ ቸኩለን። እኔና እንዳለው ፈረድን። ፍኖተ ሰላም ወሰዱት። እስር ቤት የተስቦ በሽታ ገደለው። ኋላ በሬው ከቆላ መንጋ ውስጥ ተገኘ። አረድነው፣ ለማኅበሩ አካፈልነው፣ ነገሩ አለቀ አልን። እንዳለው ግን ሥጋውን አልቀመሰም። እዚህ መጥቶ ስለ ምስክር ሲማር ጊዜ ባሰበት። ሌሊት ሲያቃስት ያድራል።»

«ዛሬስ?» አለ ክንፈሚካኤል።

«ቀሰቀሰኝ። “ዳኛው ተቆራኝታችሁ ኑ ብሎናል፤ በሕግ አምላክ፣ ተነሥ” አለኝ። ዳኛ ካዘዘ፣ በሕግ አምላክ ከተባልሁ፣ እንቢ ማለት ይቻለኛል? ራሱ ቋጠረው። ሄድን። አለቱ ላይ አዳለጠው። አንድ እጁ ሳር ይዟል፣ ቋጠሮው ይዞታል። ልስበው ጎነበስሁ። እግዜር ያውቃል፣ ጎነበስሁ። ማዶ የርስዎ ቤት መብራት ታየኝ። ስስበው የተስፋውን ነገር ልንናዘዝ እንደምንሄድ ትዝ አለኝ። ብስበው ይወጣ ነበር። ዓይኔን እያየ በሕግ አምላክ አለኝ። እኔ በቢላዬ ቆረጥሁት። አለኸኝ ሲታሰርም ዝም አልሁ። ሁለተኛ ንጹሕ ሰው ሊወስዱብኝ ነበር።»

«ዳኛው ተቆራኝታችሁ ኑ ብሏል?» አለች ጓድ አገሬ። «የትኛው ዳኛ?»

ክንፈሚካኤል ይህን ጥያቄ ሲፈራው ነበር። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ሌላው ምስክር ሞቷል።

«እኔ» አለ። «እግሬን እየታጠብኩ፣ ደክሞኝ፣ “ሙግት ካላችሁ ነገ ጠዋት ተቆራኝታችሁ ኑ” ብዬ ሳቅሁ። ለቀልድ ነው ያልኩት። እሱ የዳኛ ቃል አድርጎ ወሰደው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ቃል ግን ሰውን አፋፍ ላይ አድርሶ ነው የጣለው። ጓድ አገሬ፣ የአያ ሙጬን ቃል ሲጽፉ የኔንም ጨምረው ይጻፉ።»

«እርስዎን እኮ ማንም አልከሰሰዎትም!»

«የሚከሰኝ ሰው እዚያ ክፍል ተጋድሟል።»

ቻይነሽ ተነሥታ የአለኸኝን ገመድ ፈታች። ሰውየው የተላጠ አንጓውን እያሻሸ፣ ነፃ መውጣቱ ያልገባው ይመስል «ግን እኮ ረግሜዋለሁ» አለ። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያጽናና አፍ ያለው ሰው አልነበረም።

የመኪናው ጥሩንባ ዳግመኛ ተነፋ። ጓድ አገሬ ለአያ ሙጬ ገመድ ስታዘጋጅ ክንፈሚካኤል እጇን ያዘ።

«ሽማግሌ ናቸው። እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

የራሱን ጋቢ ጫፍ ወሰደ፤ የአያ ሙጬን ኩታ ያልጎደለውን ጫፍ ወሰደ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠረ። ትናንት ሲያሳያቸው የሳቁት ሰዎች አሁን ቆመው አዩት። ቁልቁል ወረዱ፣ ትከሻ ለትከሻ። ሌሎቹ ራቅ ብለው ተከተሏቸው።

አለቱ ላይ ሲደርሱ አያ ሙጬ ቆሙ። ጭጋጉ ተገፏል። ከታች ውኃው ዛሬም እንደ ትናንቱ ይወርዳል። ከዳሩ ላይ፣ ሥሩ ግማሽ የተነቀለ አንድ እፍኝ ሳር ተንጠልጥሏል።

«መቶ አለቃ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ብወድቅስ?»

«እስብዎታለሁ።»

ሽማግሌው ሳሩን ትክ ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ ፈረሰ። «እኔም እንደዚህ ብዬው ነበር» አሉ እያለቀሱ። «ሲቋጥረው ፈርቶ ጠየቀኝ። እስብሃለሁ ብዬው ነበር።»

ክንፈሚካኤል ቋጠሮውን በእጁ ጨብጦ ቀድሞ አለቱን ረገጠ።